በስልክ ፈረስ የምታሰለጥኑ፣ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ከመሸ ብርዱ አያስወጣም። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ስልክ ላይ ፈረስ አሰለጥናለሁ። ጨዋታው ሃውርስ ይባላል፤ ፈረንሳዮች በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። ፈረስ ታረባላችሁ፣ ትቀልባላችሁ፣ ታሰለጥናላችሁ፣ ውድድር ታስገባላችሁ። የሰፈር ልጆች ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ፈረሳቸው አልሆን ሲላቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። የሚያመጡት ጥፋት ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

ሁሉንም ነገር ማሰልጠን

ባለፈው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጣ። የስልኩ መስታወት ተሰነጣጥቆ የሸረሪት ድር መስሏል። «ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ለምንድነው የማያሸንፈው?» አለኝ። አየሁት። ጽናት ትንሽ፣ ፍጥነት ትንሽ፣ ድሬሳጅ ትንሽ፣ ግልቢያ፣ ሶምሶማ፣ ዝላይ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ።

«ለምን እንዲህ አደረግክ?»

«እኩል እንዲሆኑ ብዬ ነዋ!»

እኩል! ስድስት ልጅ የሚያሳድግ መሰለው እንዴ? ውድድሩ እኮ ስድስቱንም አያይም። የሶምሶማ ውድድር የሚያየው ሶምሶማ፣ ፍጥነትና ድሬሳጅ ነው። (ድሬሳጅ ማለት ፈረሱ ጋላቢው በልጓምና በእግሩ የሚሰጠውን ምልክት እየተከተለ በስልት መራመዱ ነው።) ዝላዩ ላይ የፈሰሰው ድካም ሶምሶማ ላይ ምንም አይጨምርለትም። ደግሞ ጊዜ የለም፤ ጨዋታው ላይ አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ፈረሱ 2 ወር ያረጃል። ስድስቱን ስታዳርሱ ጉልምስናው ያልፋል።

እያንዳንዱ ፈረስ በዘሩ ያገኘው ችሎታ በቁጥር ተጽፏል። ገጹን ክፈቱና አንብቡት። ትልልቆቹን ሦስት ምረጡ፣ እነሱን እስከ ጥግ አሰልጥኑ፣ የቀሩትን እርሷቸው። እዚህ ከተማ የጋሪ ፈረስ ሞልቷል። ለጥምቀት ጉግስ የሚወጣውን ፈረስ ግን ከጥምቀት በፊት ጋሪ ላይ የሚጠምድ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይህን የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ልጅ የለም። ስልክ ሲይዝ ነው የሚጠፋበት።

ልጁን ተቆጣሁት፣ ሻይ ጋበዝኩት፣ ሌላ ውርንጭላ አስጀመርኩት።

ጉልበቱን አሟጦ መጨረስ

ጉልበት፣ ጤና፣ ሞራል የሚሉ ሦስት መለኪያዎች አሉ። ጀማሪ ማሰልጠኛውን ብቻ እየነካ ጉልበቱን ያራግፈዋል፤ ከዚያ «ሞራሉ ለምን ወረደ?» ይላል። አላበጠርከውም፣ ውሃ አላጠጣኸውም፣ አልዳበስከውም፣ ምን ሞራል ይኑረው?

አባቴ ከገበያ ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈታው ኮርቻውን ነበር። ከዚያ እጁን ግላሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ ላቡ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ያያል። ገብሱ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልጆቹ ርቦን በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ስልኩን ስከፍት መጀመሪያ የምነካው ማበጠሪያውን ነው።

በኮርቻ መማረክ

ይህኛው የራሴ ነው። አንድ ድንጉላ ነበረኝ፤ አባ ዳኘው አልኩት። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ አይደል፣ በ1836 ዓ.ም.? ስሙ ከበደው መሰለኝ። ፈረሱ ሩጫና ዝላይ ያለበት ነበር። ውድድር ሊጀምር ሲል ጨዋታው ክላሲክ (የአውሮፓ ዓይነት ግልቢያ) ወይስ ዌስተርን (የአሜሪካ ካውቦይ ዓይነት ግልቢያ) ብሎ ይጠይቃል። የዌስተርኑ ኮርቻ ሥዕሉ ያምራል፤ ሳላነብ ነካሁት። ምርጫው ደግሞ አንዴ ከተመረጠ አይመለስም። የዝላይ ውድድሩ ያለው ክላሲኩ ውስጥ ነው። ዌስተርኑ ውስጥ ደግሞ በርሜል እየዞሩ የሚሮጡበት ውድድር አለ፤ አባ ዳኘው ዕድሜውን ሙሉ በበርሜል ዙሪያ ሲሽከረከር ኖረ።

ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ሻይ ጠጡ።

አብዝቶ ማብላት

ጨዋታው የሚበቃውን መጠን በቁጥር ይነግራችኋል፤ ያንን ስጡ። ማጉረስ ለሰው ነው፤ ፈረስ ላይ ውፍረት ይሆናል።

በመልክ መግዛት

አምባላይ ሲያዩ ልባቸው ይቀልጣል። እኔም ነጭ ፈረስ እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ጋማው እንደ ሐር ይወርዳል፤ ችሎታውን ስታዩት ግን ከመልኩ ጋር የማይገናኝ አለ። ከአምባላዩ አጠገብ የሚያስጠላ ዳማ ቆሞ ቁጥሩ እጥፍ ከሆነ ዳማውን ግዙ። ውርንጭሎቹ ሲወለዱ ታመሰግኑኛላችሁ።

ማስተኛቱን ለመጨረሻ ማቆየት

መብራት ምን እንደሚያደርገን ታውቃላችሁ። አንድ ማታ ሦስት ፈረስ አሰልጥኜ «ቆይ ውድድሩን ልይና አስተኛቸዋለሁ» አልኩ። ድርግም። መብራቱ ሄደ፣ ኔትወርኩ ተከተለው፣ ስልኬም 4 ፐርሰንት ላይ ነበር። ጠዋት ስገባ ሦስቱም ሳይተኙ አድረው ጤናቸው ወርዷል። አሁን ሰማይ ሲጠቁር ካየሁ ገና በጊዜ አስተኛቸዋለሁ። ያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ትናንት ማታ ደወለልኝ፤ መብራት ጠፍቷል፣ ውርንጭላው አልተኛም፣ «ጋሼ፣ የአንተ ስልክ ቻርጅ አለው?»