«ዳውንሎድ» ስለው ብሮውዘሩ ለምን ይከፍተዋል?

ሊንኩ «ዳውንሎድ» ይላል። ስትነኩት ግን ፋይሉ መውረዱ ቀርቶ እዚያው ይከፈታል። ፒዲኤፍ ከሆነ ገጹ ላይ ይዘረጋል፤ ኤምፒስሪ ከሆነ ባዶ ጥቁር ገጽ መሀል ማጫወቻ ብቅ ይልና መዝሙሩ ይጀምራል።

ብሮውዘሩ አልተበላሸም። ሰርቨሩ (ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ፋይሉን ሲልክ «ይህ ፒዲኤፍ ነው»፣ «ይህ ድምፅ ነው» የሚል መለያ አብሮ ይልካል። ክሮምም ፋየርፎክስም ኮምፒውተር ላይ የራሳቸው ፒዲኤፍ ማንበቢያ ስላላቸው፣ «አውርደው» ካልተባሉ ከፍተው ያሳያሉ። ዚፕ ፋይል ሁሌ የሚወርደው ብሮውዘሩ ከፍቶ ማሳየት ስለማይችል ነው።

ለአንድ ፋይል ብላችሁ ሴቲንግ አትነካኩ። ኮምፒውተር ላይ ሊንኩን በቀኝ ክሊክ አድርጉና «ሴቭ ሊንክ አዝ» በሉ፤ አንድሮይድ ላይ ሊንኩን ጫን አድርጋችሁ ያዙና «ዳውንሎድ ሊንክ»ን ምረጡ። ሲወርድ መጠኑን እዩ። 5 ሜጋባይት ጠብቃችሁ ጥቂት ኪሎባይት ከመጣ፣ የወረደው የሎግኢን ገጹ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግቡና ድገሙት። እኔ ይህን ያወቅኩት ለሰው አንድ ፍላሽ ሙሉ የማይከፈት «መጽሐፍ» ከሰጠሁ በኋላ ነው።

ፒዲኤፍ ሁልጊዜ እንዲወርድላችሁ ከፈለጋችሁ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ወረድ ብሎ አዲሽናል ኮንተንት ሴቲንግስ፣ በመጨረሻ ፒዲኤፍ ዶክዩመንትስ ግቡና «ዳውንሎድ ፒዲኤፍስ» ላይ አድርጉት። ፋየርፎክስ ላይ ጄኔራል ውስጥ አፕሊኬሽንስ ዝርዝር አለ፤ ከፒዲኤፍ ትይዩ «ሴቭ ፋይል»ን ምረጡ። ይህ ለድምፅ አይሠራም፤ ለእሱ ክሮም ማጫወቻ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ።

ድረ ገጹ የራሳችሁ ከሆነ ግን ጎብኚውን ሴቲንግ ቀይር ማለት ነውር ነው። ሊንኩ ላይ ዳውንሎድ የተባለውን አትሪቢዩት (በሊንኩ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ ቃል) መጨመር ቀላሉ መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ ገጹ አንድ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ላይ፣ ፋይሉ ሌላ ቦታ ክላውድ ላይ ከሆነ ብሮውዘሩ አትሪቢዩቱን ችላ ይለዋል። ያኔ ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ራሱ «ኮንተንት ዲስፖዚሽን» የሚባለውን ሄደር (ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚላክ መለያ) «አታችመንት» ብሎ መላክ አለበት። የሰርቨሩ ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ ይህ ትእዛዝ ኤችቲአክሰስ በሚባለው የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የሄደርስ ሞጁል (ሄደር የሚጨምረው የአፓቼ ክፍል) መከፈቱን ብቻ አረጋግጡ። አስተካክላችሁም ያው ከሆነ፣ ብሮውዘሩ አሮጌውን ከካሽ (ቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ) እያወጣ ይሆናልና በኢንኮግኒቶ ሞክሩት።