በአዲስ አበባ ለቪዲዮ ስቱዲዮ የሚሆን አነስተኛ ቢሮ እንዴት ይመረጣል?

በአዲስ አበባ ለዩቲዩብ ዝግጅት፣ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለትምህርት ቀረጻ የሚሆን ክፍል የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከሰፈሩ ስም፣ ከሕንፃው ገጽታና ከካሬ ሜትሩ ዋጋ ነው። ይህ አካሄድ ለሒሳብ ባለሙያ ወይም ለጉዞ ወኪል ሊስማማ ይችላል፤ የስቱዲዮ ተከራይ ግን ከሁሉም አስቀድሞ ጸጥታን መፈለግ አለበት። ጨለማ ክፍል በመብራት ይበራል፣ ያረጀ ግድግዳ በቀለም ይታደሳል፣ የክፍል ጥበትም በሌንስ ምርጫ በመጠኑ ይካሳል። ከውጭ የሚገባውን ጩኸት የሚያግዱት ግን የግድግዳው ክብደት፣ የመስኮቱ መስታወትና የበሩ ጥብቀት ሲሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ የባለ ሕንፃው ንብረት በመሆናቸው ተከራዩ ከገባ በኋላ ሊለውጣቸው የሚችለው ጥቂት ነው።

ክፍሉን ለማየት ሲሄዱ የሚጠቀሙበትን ማይክራፎንና ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ይያዙ። በሩንና መስኮቱን ዘግተው፣ ማንም ሳይናገር ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቅረጹና በማዳመጫው ይስሙት። ጆሯችን የለመደውን ድምፅ ቸል የማለት ተፈጥሮ ስላለው፣ በክፍሉ ውስጥ ቆመን «ጸጥ ያለ ነው» ያልነው ቦታ በቅጂው ላይ የአሳንሰር ሞተር፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ወይም ከጎን ቢሮ የሚመጣ የስልክ ንግግር ይዞ ይገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ መሄድም አይበቃም። በሥራ ቀን ጠዋት ጸጥ ያለው ሕንፃ ዓርብ ቀትር ላይ በመስጊድ፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አጠገብ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ይህ የከተማችን ሕይወት እንጂ ቅሬታ የሚቀርብበት ጉዳይ ስላልሆነ፣ መፍትሔው ሰዓቱን አውቆ የቀረጻ መርሐ ግብርን በዚያ ዙሪያ ማደላደል ወይም ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። በቦሌና በገርጂ አካባቢ የአውሮፕላን ድምፅ፣ በመገናኛና በሜክሲኮ አደባባዮች ዙሪያ የታክሲ ረዳቶች ጥሪና የመኪና ጥሩምባ፣ አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ የግንባታ ሥራ በቅድሚያ ሊታሰቡ ይገባል። በአጠገቡ ባዶ ቦታ ወይም ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ካለ፣ ግንባታው መቼ እንደሚጀመር ወይም እንደሚቀጥል ዘበኛውን መጠየቅ ከደላላው መልስ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ክረምቱን የሚረሱ ብዙዎች ናቸው። በበጋ የታየ የላይኛው ፎቅ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከሰዓት በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀረጻ ማቋረጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ ሌላ ፎቅ ወይም የኮንክሪት ሶሌታ ያለበትን ክፍል ማስቀደም ይሻላል። የመንገድ ዳር ክፍል ከሚመረጥ በሕንፃው ጀርባ ያለው፣ ከአሳንሰርና ከመጸዳጃ ቤት የራቀው ክፍል ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውም ዝቅ የሚለው ይኸው ስለሆነ በዚህ ረገድ የስቱዲዮ ተከራይ ዕድለኛ ነው።

ግድግዳውን በጣትዎ አንኳኩተው ብሎኬት ይሁን ጂፕሰም ይለዩ። በብዙ የንግድ ሕንፃዎች ውስጥ አንድ ሰፊ ወለል በጂፕሰም ወይም በአሉሚኒየምና መስታወት ፓርቲሽን ተከፋፍሎ ይከራያል፤ ክፍልፋዩም ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን የጎረቤት ንግግር በግድግዳው ባያልፍ እንኳ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ተሻግሮ ይገባል። የኮርኒሱን አንድ ክፍል አንሥቶ ግድግዳው እስከ ሶሌታው መድረሱን ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለዚህ ፈቃድ መጠየቅ አያሳፍርም። ከላይ፣ ከታችና ከጎን ማን እንዳለም ይጠይቁ። የስፖርት ማዘውተሪያ፣ የዳንስ ማሠልጠኛ፣ የጸሎት አዳራሽ ወይም የብረታ ብረት ሥራ ቤት ካለ፣ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር አይከራዩት።

ከውጭ የሚገባ ጩኸትና በክፍሉ ውስጥ የሚፈጠር ማስተጋባት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚፈታ በመሆኑ ሊያስፈራዎት አይገባም። በባዶው ክፍል መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡ የሚንቀጠቀጥ ቅሪት ድምፅ ከተሰማ፣ ምክንያቱ ፊት ለፊት የሚተያዩት ልሙጥና ጠንካራ ግድግዳዎች፣ የሴራሚክ ወለሉና መስታወቱ ናቸው። ወፍራም ምንጣፍ፣ እስከ ወለል የሚወርድ ድርብ መጋረጃ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያና በጨርቅ የተሸፈነ ሶፋ የድምፁን ጥራት ወዲያውኑ ይለውጡታል። በእንጨት ፍሬም ውስጥ የመስታወት ሱፍ ወይም የድንጋይ ሱፍ ሞልቶ በጨርቅ መሸፈን ከዚህም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሚውጥ፣ የወንድ ድምፅ ያለበትን ወፍራም ድምፅ እያስተጋባ ይተወዋል። የእንቁላል ካርቶንም ቢሆን ሰዎች እንደሚያወሩለት አይሠራም። ከእነዚህ አንዳቸውም የጎረቤትን ጩኸት እንደማያግዱ መገንዘብ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ለስቱዲዮ የምትሰጠው አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነውና፣ ኤልኢዲ መብራት የሚጠቀም ሰው መስኮት ዘግቶና ማራገቢያ አጥፍቶ ለረጅም ሰዓት መቅረጽ ይችላል፤ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ይህ የሚታሰብ አይደለም። በመሆኑም ለማቀዝቀዣ ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ኪራይ ካለ መቀበል አያስፈልግም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ከካሬ ሜትሩ ይልቅ ርዝመቱን ያስቀድሙ። ተናጋሪው ከጀርባው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ካልሆነ ጥላው ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ በምስሉ ላይ ከኋላው የሚታየውም ሊደበዝዝ አይችልም። በሙሉ ፍሬም (ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው) ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ3 ሜትር ርቀት ወደ 2.2 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ይህም ለሁለት ተቀማጮች ጠበብ ብሎ ይበቃል። ለካሜራውና ከኋላው ለሚቆመው ሰው አንድ ሜትር ሲጨመር፣ ከ5.5 እስከ 6 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ወርዱ 4 ሜትር ከሆነ መብራቶቹን በግራና በቀኝ ማቆም ይቻላል። የኮርኒሱ ከፍታ ከ2.7 ሜትር በታች ከሆነ ከላይ የሚሰቀል መብራት በምስሉ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። ልኬቱን በራስዎ ሜትር ይውሰዱ፤ ባለ ሕንፃው «30 ካሬ ሜትር ነው» ያለው ክፍል የመተላለፊያና የደረጃ ድርሻ ተጨምሮበት ሊሆን ስለሚችል፣ ኪራዩ የሚሰላበት ስፋት እና በትክክል የሚጠቀሙበት ስፋት መለየት አለባቸው።

ዙሪያውን መስታወት የሆነ ክፍል ለዓይን ቢማርክም ለቀረጻ አድካሚ ነው። ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር የምስሉ ብርሃን ይቀያየራል፤ ቪዲዮው ተቆራርጦ ሲገጣጠምም የአንድ ንግግር ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በተለያየ ቀን የተቀረጹ ይመስላሉ። በተለይ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚመለከቱ መስኮቶች ጠዋትና ማታ ቀጥተኛ ፀሐይ ያስገባሉ። ወደ ሰሜን የሚመለከት አንድ መስኮት ያለው ክፍል የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥቁር ወፍራም መጋረጃ ሙሉ በሙሉ መሸፈን የሚችል መሆን አለበት።

የኤሌክትሪክ ኃይላችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሕንፃው ኮርኒስ ላይ ያለው መብራት በስልክ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ሲቀረጽ መስመር እየሠራ የሚንቀጠቀጠው ይህ ቁጥር ከ50 ኸርዙ ጋር ስለማይገጥም ነውና፣ ካሜራውን በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የመዝጊያ ፍጥነቱንም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ማድረግ ይበጃል፤ የሕንፃውን መብራት አጥፍቶ የራስን መጠቀም ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሦስት ኤልኢዲ መብራቶችና አንድ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ዋት ብዙም አይበልጡም፤ ይህን ማንኛውም የቢሮ መስመር ይሸከማል። ከባዱ ጥያቄ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሕንፃው ጄነሬተር እንዳለው ብቻ ሳይሆን፣ ለቢሮዎች ኃይል ይሰጣል ወይስ ለአሳንሰርና ለኮሪደር ብቻ፣ ነዳጁን ማን ይከፍላል፣ ድምፁስ እስከ ክፍሉ ይሰማል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራም ይለዩ። የጋራ ከሆነ አከፋፈሉ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ለኢንተርኔት ደግሞ ፋይበር ሕንፃው ድረስ መግባቱንና የመጫኛ ፍጥነቱን ያረጋግጡ። 10 ጊጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት ለመጫን ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በዚያ መካከል መስመር ቢቋረጥ ሥራው ሊደገም ይችላል። እግረ መንገድዎን የጥበቃውን የመዝጊያ ሰዓት፣ የእሑድና የበዓል መግቢያን፣ ለእንግዳ የሚሆን የመኪና ማቆሚያንና የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና ይመልከቱ፤ ተጋባዥ ስለ ዝግጅትዎ የሚይዘው የመጀመሪያ ስሜት ከዚህ ይጀምራል።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ የአከራዩን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና መታወቂያ፣ በወኪል የሚያከራይ ከሆነም የማከራየት ሥልጣን የሚሰጠውን ውክልና ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ። ክፍሉን ራሱ ተከራይቶ ለእርስዎ የሚያከራይ ሰው ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ መኖር አለበት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው፤ የቢሮ ተከራይ የዋጋ ጭማሪን በሚመለከት ከዚያ አዋጅ ጥበቃ ስለማያገኝ፣ የውሉ ዘመን፣ ጭማሪው መቼና በስንት በመቶ እንደሚሆን በውሉ ውስጥ በግልጽ መስፈር አለበት። የተጠራው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራይ 25,000 ብር ተብሎ ታክሱ ለብቻው ከሆነ የሚከፍሉት 28,750 ብር ነው። የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ሲጠየቁ ለእያንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ውሉንም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ያስመዝግቡ፤ ለንግድ ፈቃድ የሥራ አድራሻ ማስረጃ ሆኖ የሚያገለግልዎት ይኸው ነው። ዝግጅትዎ ዜናና ወቅታዊ ጉዳዮችን የሚመለከት ከሆነ፣ የምዝገባ ግዴታዎን ቀደም ብለው ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይጠይቁ።

ለስቱዲዮ የተለዩ ሦስት ነጥቦች በውሉ ውስጥ እንዲገቡ አጥብቀው ይደራደሩ። አንደኛው የክፍሉ አገልግሎት «የቪዲዮና የድምፅ ቀረጻ» ተብሎ መገለጹ ነው፤ አለበለዚያ ብዙ እንግዳ መጣ ወይም ማታ ተሠራ በሚል ሰበብ ክርክር ይነሣል። ሁለተኛው ግድግዳ መቅባት፣ መብሳትና መጋረጃ መስቀል መፈቀዱ፣ ሲለቁም ምን ወደ ነበረበት እንደሚመለስና የትኛውን ዕቃ ነቅለው እንደሚወስዱ መጻፉ ነው። ሦስተኛው፣ ከ2016 ጀምሮ በከተማዋ በስፋት የተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የንግድ ቦታዎችን ያስነሣ በመሆኑ፣ ሕንፃው ቢነሣ ያልተኖረበት ቅድሚያ ክፍያ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ የሚደነግግ አንቀጽ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቦታው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ያጣሩ።

ቁልፉን በሚረከቡበት ቀን የግድግዳውን፣ የወለሉንና የመስኮቱን ሁኔታ እንዲሁም የቆጣሪውን ንባብ በቪዲዮ ይቅረጹና አንዱን ቅጂ ለአከራዩ ይላኩ። ከዚያ በኋላ የሚያወጡት የመጀመሪያ ገንዘብ ለምንጣፍ፣ ለመጋረጃና በበሩ ዙሪያ ለሚለጠፍ ላስቲክ ይሁን፤ አዲስ ካሜራ ስለ መግዛት ማሰብ የሚገባው ክፍሉ ውስጥ አንድ ሙሉ ዝግጅት ተቀርጾ፣ ድምፁም በማዳመጫ ተደምጦ ከታየ በኋላ ነው።