ካምፓላ ለሚገቡ ወጣት ሚስዮናውያን፦ ከስብከት በፊት ሰላምታና ሊቀመንበሩ

ሰፈር እንደገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የቀበሌውን ሊቀመንበር (ኤልሲ ዋን ይሉታል) ሄዳችሁ ተዋወቁ። ብቻችሁን ሳይሆን ከተቀበላችሁ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ጋር ሂዱ፤ የፓስፖርት ቅጂና የቤተ ክርስቲያኗን ደብዳቤ ያዙ። ኋላ ባንክ ወይም ሌላ ቢሮ የመኖሪያ ማረጋገጫ ሲጠይቃችሁ የሚጽፍላችሁ እሱ ነው። ጎረቤትም «ይሄ እንግዳ ማነው?» ሲል መልሱ ከእሱ ይመጣል። የሥራ ፈቃዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጎብኚ ቪዛ ማገልገል አይቻልም።

ሉጋንዳ (የካምፓላ አካባቢ ቋንቋ) ባትችሉም ሰላምታውን አጥኑ። ጠዋት «ዋሱዜ ኦትያ»፣ ከሰዓት በኋላ «ኦሲቢዬ ኦትያ»፤ ለወንድ «ሰቦ»፣ ለሴት «ኛቦ» ትጨምራላችሁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሱቅ ገብተው ቀጥታ ዋጋ ሲጠይቁ ነው። እዚያ ይህ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ቲማቲሙ። ሴቶች ተንበርክከው ሰላም ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ ለማንሳትም አትሞክሩ።

ሰዓት ላይ ሐበሻ ዕድለኛ ነው፦ በሉጋንዳ «ሳዋ ቢሪ» እንደኛው የጠዋት 2 ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን 8 ይላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ አጣሩ፤ አለበለዚያ የጸሎት ስብሰባው ያመልጣችኋል።

ብድር የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም። በግል አትስጡ፤ ለአንዱ የሰጣችሁት በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለሽማግሌዎች አሳውቁና በእነሱ በኩል ይሂድ።