በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የወፎችን ፎቶ ጥርት አድርጎ ለማንሳት የፎከስ ቅንብር አመራረጥ

ማለዳ በሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገኘ ሰው፣ የዓሣ ሆድቃ ለመሻማት የሚጋፉትን አባ ኮዳዎች ከአምስት ሜትር ባነሰ ርቀት ያገኛቸዋል፤ ይሁን እንጂ ቅርበቱ ብቻውን ፎቶውን ጥርት አያደርገውም። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው እንደ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሰፊ በሆነ)፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 5.6 የሌንስ ቀዳዳ፣ 5 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአባ ኮዳ መንቆር ከዚህ እጅግ ስለሚረዝም፣ ወፉ ፊቱን ወደ እኛ ባዞረ ጊዜ ፎከሱ መንቆሩ ጫፍ ላይ ካረፈ ዓይኑ ይደበዝዛል። በመሆኑም የፎከሱን ነጥብ ምርጫ ለካሜራው ከመተው ይልቅ፣ አንድ ትንሽ ነጥብ መርጦ ዓይኑ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። የወፍ ዓይን የሚለዩ አዳዲስ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌለባቸው) ካሜራዎች ይህን ሥራ ያቀልላሉ፤ ነገር ግን በተጋፋ መንጋ መካከል ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ስለሚዘሉ፣ የሚፈልጉበትን ክልል ማጥበብ ያስፈልጋል።

የፎከሱ ዓይነት ተከታታይ ይሁን፤ በካነን ሰርቮ ወይም ኤአይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ወፍ ቆሞም ቢሆን አንገቱን ስለሚያወዛውዝ፣ አንዴ ብቻ ይዞ የሚቆልፈው ዓይነት ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ከውኃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ በኋላ በድንገት ቁልቁል ይወረወራል። እርሱን በአንድ ነጥብ ብቻ መከተል ስለሚያዳግት፣ መሐል ነጥቡን በዙሪያው ካሉት ጋር አጣምሮ የሚሠራውን ምርጫ መጠቀምና የሻተሩን ፍጥነት 1/2500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ይገባል። ከኋላው ፊላ ካለ ፎከሱ ወደ ቅጠሉ ይሸሻል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካሜራው ቶሎ ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ እኔ ግን የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በሶኒ የመከታተያ ቅንብሩን ወደ 1፣ በኒኮን ወደ 5 ማስጠጋት፣ በካነን ደግሞ እንቅፋትን ችላ የሚለውን ሁለተኛውን ኬዝ (አስቀድሞ የተዘጋጀ የመከታተያ ቅንብር) መምረጥ፣ ካሜራው ወፉን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። ሌንሱ የፎከስ ርቀት መገደቢያ ካለው፣ ሩቁን ክልል ብቻ እንዲፈልግ ማድረግም ጊዜ ይቆጥባል።

ቅንብር የማያስተካክለው ነገርም አለ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በጀልባ ሆኜ፣ ማዶ ዛፍ ላይ ያረፈ ነጭ ራስ ዓሣ በል ንስር ደጋግሜ ባነሳም አንዱም ጥርት አላለልኝም፤ ጥፋቱን በሌንሱ ላይ ጣልኩ። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በዚያው ሌንስና ቅንብር ተጠግቼ ሳነሳው የዓይኑ ብሌን ሳይቀር ተለይቶ ወጣ። ከአንድ ቀን በፊት ምስሉን ያደበዘዘው በእኔና በንስሩ መካከል በሙቀት ይርገበገብ የነበረው አየር ነበር።