ክሎክን ሆን ብሎ በማዘግየት የተፈታ የጊዜ ጉድለት

ለገጣፎ ከሚገኘው ቤቴ ሆኜ በ130 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ በማዘጋጀው ቺፕ ውስጥ የማባዣው (ቁጥሮችን የሚያባዛው ክፍል) ውጤት ወደ ተቀባዩ ፍሊፕ-ፍሎፕ (የቺፑን ሥራ በሚያስተባብረው የክሎክ ምት ዳታን የሚይዝ ክፍል) 0.3 ናኖሰከንድ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ከዚያ ፍሊፕ-ፍሎፕ የሚነሳው ቀጣይ መንገድ ግን 1.1 ናኖሰከንድ ትርፍ ስለነበረው፣ ማባዣውን እንደገና ከመንደፍ ይልቅ በፍሊፕ-ፍሎፑ የክሎክ መስመር ላይ በፈሮች (ምልክትን የሚያዘገዩ ትናንሽ ሰርኪዩቶች) ጨምሬ የክሎኩን ምት በ0.4 ናኖሰከንድ አዘገየሁት፤ ለማባዣው 0.1 ተረፈው፣ ለቀጣዩም 0.7 ቀረለት።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ክሎኩ ሲዘገይ በአጭር መንገድ የሚመጣው አዲስ ዳታ አሮጌው በትክክል ሳይያዝ ስለሚደርስ፣ የሆልድ ፍተሻው (ዳታው ከክሎኩ ምት በኋላ ለበቂ ጊዜ ሳይለወጥ መቆየቱን የሚያረጋግጠው) በፈጣኑ ኮርነር (ሰርኪዩቱ እጅግ ፈጣን በሚሆንበት የአመራረት፣ የቮልቴጅና የሙቀት ሁኔታ) ወደቀ፤ ይህ ደግሞ የክሎኩን ፍጥነት በመቀነስ የማይድን ስለሆነ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። የማዘግያ በፈሩን ረጅሙ መንገድ በማይጋራው አጭር ቅርንጫፍ ላይ ብቻ አስገባሁ፤ ሁለቱ መንገዶች ከሚጋጠሙበት በኋላ ቢገባ ኖሮ የተገኘውን ጊዜ መልሶ ይበላው ነበር። ከራውቲንግ (ሽቦዎቹን ከመዘርጋት) በኋላ ሴትአፕም (ዳታው ከምቱ በፊት በጊዜ መድረሱ) ሆልድም በሁሉም ኮርነሮች አልፈዋል።