ሞድ ዊል ሲያስቸግር፦ ማሲንቆን በሳምፕለር ለምትጫወቱ

በሶፍትዌር ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅን በኪቦርድ በሚያጫውት ፕሮግራም) ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ቶሎ የሚገጥመው ነገር አለ። ኖታው ልክ ነው፣ ድምፁም የማሲንቆ ነው፣ ግን ነፍስ የለውም። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ አንገቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ድምፁን እንደልቡ ያንሸራትተዋል፣ ያርገበግበዋል። ኪቦርድ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩልን ማንሸራተቻው ፒች ቤንድና ማርገብገቢው ሞድ ዊል ናቸው።

ከሞድ ዊሉ ጀርባ ብዙ ጊዜ ኤልኤፍኦ (በዝግታ የሚወዛወዝ ምልክት) አለ። ኤልኤፍኦ ራሱ አይሰማም። በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ወይም ቮሊዩሙን ያወዛውዛል። ለቫይብራቶ (ለድምፁ ርግብግብ) ከ5 እስከ 7 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ኮንታክትም ተጠቀሙ ሌላ ሳምፕለር፣ የቁልፎቹ ስምና ቦታ ቢለያይም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ሞድ ዊሉን ባነሳውም ምንም ለውጥ የለም

መጀመሪያ ዊሉን ተዉትና የኤልኤፍኦውን መጠን በማውስ ከፍ አድርጉ። ድምፁ ከተርገበገበ ኤልኤፍኦው ደህና ነው፤ የጎደለው የዊሉ ግንኙነት ነው። ካልተርገበገበ ግን ኤልኤፍኦው ከፒች ጋር አልተያያዘም፣ ወይም ፍጥነቱ ዜሮ አካባቢ ነው።

ዊሉን ለመፈተሽ ትራኩ ላይ ሪኮርድ አድርጉና ዊሉን አንቀሳቅሱ። ሲሲ 1 የሚባለው (የሞድ ዊሉን እንቅስቃሴ የሚያሳየው) መስመር ከ0 እስከ 127 ሲወጣና ሲወርድ ካያችሁ መልእክቱ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚዲ ቻናል (የኪቦርዱ መልእክት የሚሄድበትን መንገድ) መቀያየር ይጀምራል። ኖታው እየተሰማ ዊሉ ብቻ ካልሠራ ግን ቻናሉን አትንኩት፤ ቻናሉ ቢሳሳት ኖታውም ባልተሰማ ነበር። መፍትሄው ሳምፕለሩ ውስጥ ሲሲ 1ን ከኤልኤፍኦው መጠን ጋር ማያያዝ ነው። ከፍተኛውን ልክ በ30 ሴንት ጀምሩ። 100 ሴንት አንድ ሰሚቶን ነው። በተለይ አንቺሆዬ ስትጫወቱ አታብዙት፤ አንዳንዶቹ ኖታዎች በጣም ስለሚቀራረቡ ሰፊ ቫይብራቶ ቅኝቱን ያደበዝዘዋል።

ዊሉን መልሼም መርገብገቡ አይቆምም

ወይ የኤልኤፍኦው መነሻ መጠን ዜሮ አይደለም፣ ወይ ሪኮርድ ስታደርጉ ዊሉ ሳይመለስ ቀርቷል። መነሻውን ዜሮ አድርጉ። ትራኩ መጀመሪያ ላይም ሲሲ 1ን 0 ብላችሁ ጻፉ። ድምፁ ድንገት ሲጠፋባችሁም እዚያው የድምፁን መጠን የሚቆጣጠሩትን ሲሲ 7ንና ሲሲ 11ን እዩ። አንዱ ዝቅ ብሎ ቀርቶ ይሆናል።

ዊሉን ሳነሳ ዜማው ከቅኝት ይወጣል

ኤልኤፍኦው ወደ ላይ ብቻ እየሄደ ነው። ከኖታው በላይም በታችም እኩል እንዲወዛወዝ ባይፖላር አድርጉት።

ላይኛው ኖታ ሲፈጥን ታችኛው ይንቀራፈፋል

ይህኛው ሰው በከንቱ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋበት ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ኤልኤፍኦው ላይ የለም። ኤልኤፍኦውን ሙሉ በሙሉ አጥፉና አንድ ኖታ ይዛችሁ ቆዩ። ከዚያ ያንኑ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። አሁንም ከተርገበገበ ቫይብራቶው የተቀዳው ከድምፁ ጋር ነው። ተራ ሳምፕለር ፒቹን ከፍ የሚያደርገው ቅጂውን አፍጥኖ ነው። በ5 ሄርዝ ይርገበገብ የነበረው ኦክታቭ ሲወጣ 10 ይሆናል፣ ኦክታቭ ሲወርድ 2.5። እላዩ ላይ ኤልኤፍኦ ስትጨምሩ ደግሞ ሁለት ቫይብራቶ እርስ በርሱ ይጋጫል።

ትክክለኛው መፍትሄ እንደገና መቅዳት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን ረጋ አድርጎ፣ ጣቱን ሳያወዛውዝ፣ በየሦስት ሰሚቶኑ ረዘም ያለ ኖታ ያውጣላችሁ። ርግብግቡን ያኔ እናንተ በእጃችሁ ትሰጡታላችሁ። እንደገና መቅዳት ካልተቻለ እያንዳንዱ ቅጂ የሚሸፍነውን የቁልፍ ብዛት ቀንሱ። ፒቹን ፍጥነት ሳይነካ የሚቀይር የታይም ስትሬች አማራጭም አለ፤ ለማሲንቆ ግን አልመክረውም፤ የደጋኑን ሻካራ ድምፅ ያበላሸዋል።

ኖታው ገና ሲነሳ ይርገበገባል

ሰው እንዲህ አይጫወትም። ኖታው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይጸናል፣ ከዚያ ይርገበገባል። ኤልኤፍኦው ላይ ፌድ ኢን ወይም ዲሌይ ፈልጉና ከ300 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ስጡት። ሪትሪገርንም አብሩ፤ አለዚያ ኤልኤፍኦው ኖታውን ሳይጠብቅ ስለሚዞር አጀማመሩ በየኖታው ይለያያል።

ቴምፖ ስቀይር ቫይብራቶው አብሮ ይቀየራል

ኤልኤፍኦው ከቴምፖ ጋር ተያይዟል። በ90 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) አንድ አስራ ስድስተኛ ኖታ 6 ሄርዝ ነው። ዘፈኑን ወደ 120 ስታነሱት 8 ይሆናል፤ ለማሲንቆ ይፈጥናል። ሲንኩን (ከቴምፖ ጋር ያያያዘውን) አጥፉና ፍጥነቱን በሄርዝ ስጡት። ሲንክ የሚያምረው ቮሊዩሙ ከምቱ ጋር እንዲመታ ስትፈልጉ ነው።

ፒች ቤንዱ ሩቅ ይሄዳል፣ ወይም አይደርስም

የፒች ቤንዱ ዊል ምን ያህል እንደገፋችሁት ብቻ ነው የሚናገረው። ያ ስንት ሰሚቶን እንደሆነ የሚወስነው ሳምፕለሩ ነው። የተለመደው ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ሰሚቶን ነው። ለሰፊ መንሸራተት ወደ 5 ማሳደግ ይቻላል፣ ግን ከሪኮርድ በፊት ይሁን። ከተቀዳ በኋላ ከቀየራችሁት በ2 ልክ የተጫወታችሁት ሁሉ በ5 ስለሚሰማ እያንዳንዱን መንሸራተት እንደገና ማረም ሊኖርባችሁ ነው።