ከባሕር ዳር ሐረር፦ እናቴን ይዤ በእቁብ ብር የሄድኩት የአምስት ቀን ጉዞ

ቤታችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። እንግዳ ሲመጣ፣ ጀልባ ሲፈልግ፣ በዋጋ ሲከራከር እያየሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ዘጌንም ጢስ ዓባይንም ጠንቅቃ ታውቃለች። ከክልላችን ውጭ ግን አዲስ አበባ አክስቴ ጋር ደርሳ ከመመለስ በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። አምና የእቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ "እማዬ፣ ሐረርን ላሳይሽ ነው" አልኳት። "ብሩን ለቤት ዕቃ አታደርጊውም?" አለች። ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው ቀን ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች።

ከተመለስን ወዲህ ብዙ ሰው "እንዴት ቻላችሁት?" ይለኛል። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ቦታ ስትመርጡ ርቀቱን ብቻ አትዩ። "ከደረስኩ በኋላ በየቀኑ መኪና ያስፈልገኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። የሚታየው ነገር እዚህና እዚያ የተበታተነበት አገር ከሄዳችሁ ኮንትራት መኪና ብራችሁን ይጨርሰዋል። ሐረርን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የድሮው ከተማ ጀጎል በግንብ የታጠረ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የአድባር ቦታዎች እዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህ ሁሉ በእግር የሚዳረስ ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ድርሻውን ነው የምነግራችሁ። ያላችሁን አሥር ቦታ ክፈሉት። አምስቱ ለመንገድ፣ ሁለቱ ለአልጋ፣ አንዱ ለምግብና ለቡና፣ አንዱ ለአስጎብኚና ለመግቢያ። የቀረውን አንድ አትንኩት። መንገዱ ከግማሽ በላይ ከወሰደባችሁ ቀን አትቀንሱ፤ አካሄዳችሁን ቀይሩ። አንድ ቀን ብትቀንሱ የምትተርፈው የአልጋና የምግብ ብር ትንሽ ናት። የመንገዱ ብር ግን አንድ ቀን ብታድሩም ሳምንት ብትከርሙም ያው ነው።

እኛ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። አክስቴ ቤት አደርን። በማግስቱ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በሚኒባስ ሐረር። ስንመለስ ግን እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን መጣን። ባቡሩን አንዴ ቅመሱት እላለሁ። ከአዋሽ ወዲያ ግራሩና ግመሉ በመስኮት ሲያልፍ እናቴ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም። ቅደም ተከተሉን ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አጣሩ፤ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቢያው ፉሪ ለቡ፣ ከተማው ዳር ስለሆነ በጠዋት መነሳት አለባችሁ። በየብስ የምትሄዱ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ፣ በሌሊት አትጓዙ። መታወቂያ ከእጃችሁ አይለይ፤ ለፍተሻም ለሙዚየም መግቢያም ይጠየቃል። ለኢትዮጵያዊ የመግቢያው ዋጋ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው።

ጊዜውን የመረጥነው ጾሙን አይተን ነው። ኅዳር መጀመሪያ ሄድን። ዝናቡ አልፏል፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ገና አልጀመረም። የረመዳንንም ወር አስሉ። በረመዳን ጀጎል ውስጥ ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ ማታውን ደግሞ ደማቅ ነው ይላሉ። በጥምቀት ሰሞን ከኛ በኩል ትኬት ለማግኘት መከራ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የድሬዳዋው ሙቀት ወደ ኋላ ይቀራል። ከዳገቱ በላይ የሐረማያ ሐይቅ አለ። በመስኮት በኩል እንድትቀመጡ የምመክረው ለሱ ነው። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ ነበር። ደረቀ። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከብት የተሰማራበት ጊዜ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመለሰበት። እናቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ አየችው። "ጣናን እምቦጩ ሲሸፍነው ያየሁ ጊዜ እንዲህ ነው የፈራሁት" አለች። እኔም ከዚያ በኋላ ሐረር ውስጥ ውሃ ሳፈስ እጄ ይያዛል።

የአልጋው ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በስልክ ስንይዝ "ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው" ተባልን። ስንደርስ ቧንቧው ደረቅ ነበር። እናቴ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ እግሯን ሳትታጠብ አደረች። በጣም ከፋኝ። ስለዚህ "ሙቅ ውሃ አለ?" አትበሉ። "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከራችሁስ ስንት ሊትር ይይዛል?" በሉ። አልጋውን ሳታዩ ከአንድ ሌሊት በላይ አትክፈሉ። በማግስቱ ሸዋ በር አካባቢ ሌላ ቦታ አገኘን።

ሐረር ውስጥ ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል። አስጎብኚ የሚያስፈልጋችሁ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን ነው፤ ለሱ ግን አትሰስቱ። የሚያሳያችሁን ቦታና ሰዓቱን ቆጥራችሁ ዋጋ ተስማሙ። ባጃጅም እንዲሁ፣ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። እኛ አገር ጀልባ ላይ ሳይስማማ የወጣ እንግዳ ወደብ ሲመለስ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ።

መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ አትለፉት። ስሙ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረዋል፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ታሰፋላችሁ። ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔ ዓለም አለ፤ እናቴ ተሳልማ ወጣች። የሸሪፍ ሙዚየም የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤትም ገባን። መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ግድግዳው ሞልቶ ስፌት የተሰቀለበት። እናቴ ራሷ ስፌት ትሰፋለች። የቤቱን እመቤት ፈቃድ ጠይቃ አንዱን አወረደች። ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ዙሩን እየተከተለች ጅማሬውን ፈለገች። "ይኼ ሰው ዓይኑን ነው የሰጠበት" አለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ አክርማና ስለ ቀለም ሲያወሩ አንድ ሰዓት አለፈ። አስጎብኚው ሊቸኩል ሲል "ተወን" አልኩት። ለእንዲህ ዓይነት ሰዓት ነው ፕሮግራም ማጨናነቅ የማልወደው።

ለምግብ የበሶና የዳቦ ቆሎው ስንቅ ቁርስን ሸፈነልን። እናቴ የክርስቲያን ሥጋ ነው የምትበላው። ሐረር ሁለቱም አለ፤ ሲገቡ መጠየቅ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ቡናውን ግን ከየትም ጠጡ።

ማታ ጅብ ማብላቱን ለማየት ከግንቡ ውጭ ወጣን። እናቴ ገጠር ሳለች አህያ ከጅብ ስታስጥል ያደገች ናት። ሰውየው ጅቦቹን በስም ሲጠራ፣ ሥጋውን በእንጨት ሲያቀብል እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ትንሽ ቆይታ "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እሰማ ነበር። እዚህስ አንጥፈውለታል" አለችና ወደፊት ተጠጋች። ለመመልከቻ የሚከፈል አለ፤ ባጃጁ እንዲጠብቃችሁም ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በጨለማ መመለሻ ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛውን ክፍያ በቴሌብር ጨረስን፤ ለዚህ ግን ዝርዝር ብር ያዙ።

ያልነካነውን አሥረኛ ድርሻ የፈታነው በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ከፈታችሁት ያልቃል። የሐረር ቡና ለጎረቤት፣ ለእናቴ አንድ ትንሽ ስፌት ገዛን። ስፌት ከገዛችሁ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፣ ይጨመደዳል። ጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙት። እናቴ የጣና ውሃ በአውሮፕላኑ መስኮት እስኪታይ ድረስ ታቅፋው ነው የመጣችው።